የመርከበኛው መቃብር

ባርብራ የአባቷን ኑዛዜ ስትናገር፣ ሻይ የያዘው ሁሉ ስኒውን እንደያዘ ቀረ።

«ከመርከበኛው ጋር ቅበሪኝ ብሎኛል» አለች። «እዚያው ጉድጓድ ውስጥ።»

ኮልማን ከሞተ ገና ግማሽ ቀን አልሞላውም ነበር። ሬሳው እኛው በተቀመጥንበት ክፍል፣ ግድግዳውን ተጠግቶ አልጋው ላይ ተጋድሟል፤ መቁጠሪያው በጣቶቹ መሃል ተጠላልፏል፣ የግድግዳው ሰዓት እንዲቆም ተደርጓል፣ መስተዋቱ ላይ ጨርቅ ተጥሏል። አርባ ዓመት ሙሉ ተሳላሚውን ወደ ቅዱስ ፎርጋል ደሴት ሲያሻግር የኖረ ሰው ነው። በመንደራችን በእሱ ጀልባ ያልተሳፈረ፣ የእሱን ክንድ ይዞ በደሴቲቱ ድንጋይ ላይ ያልወረደ የለም። እንዲህ ላለ ሰው ከአባቱ ጎን፣ ቅዱሱ ይጸልይበት ከነበረው ቤት ግድግዳ ሥር፣ ቦታው የታወቀ ነው። ስሙ እንኳ ከማይታወቅ፣ ባሕር ከተፋው ሰው ጋር ምን አገናኘው?

በለቅሶ ቤት የሚንሾካሾክ ሰው ሁሉ የሚሰማው ጎረቤቱ ብቻ ይመስለዋል። አንዷ ትኩሳቱ አስቀባጥሮት ነው አለች። አንዱ ስለት ኖሮበት ይሆናል አለ። ሌላው ደግሞ ሚስቱ ጥላው የሄደች ሰው የት መጋደም እንዳለበት እንዴት ያውቃል ብሎ ፒፓውን አጨሰ። ባርብራ ጥግ ላይ ቆማ ዳቦና ሥጋ ትቆርጥ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። የመጨረሻውን ስትሰማ ቢላዋዋ ቆም አለች፣ ከዚያ መቁረጧን ቀጠለች።

ፌስተስ የሟች የወንድም ልጅ ነው፤ ኮልማንን ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ጀልባውን የያዘው እሱ ነው። ባርብራን ወደ በሩ ሳብ አድርጎ፣ አጎቱ ይህን ሲናገር ልቡ ቦታው ነበር ወይ ብሎ በቀስታ ጠየቃት። ባርብራ ከእኔም ከአንተም በላይ ቦታው ነበር አለችው። አባቷ በሕይወቱ አንድም ነገር ለምኗት አያውቅም፤ ውሃ ሲጠማው እንኳ ተነሥቶ ራሱ የሚቀዳ ሰው ነበር። የለመናት ይህችን አንዲት ነገር ነው።

«ይሄን ካላደረግሁለት ምን ልጅ ነኝ?» አለችው።

ፌስተስም እንግዲያው ነገ ጠዋት ከሁለቱ የጋነን ወንድማማቾች ጋር ተሻግሬ እቆፍራለሁ አለ። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር፤ ከምድጃው አጠገብ ሳቢና ባትኖር።

ሳቢና ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት ባልቴት ናት። በመንደራችን የሞተውን ሁሉ የምታጥብና የምትገንዝ እሷ ናት፤ ኮልማንንም በዚያው ማለዳ ያጠበችው እሷ ናት። ጣቷ ላይ የያዘችው ሱረት ቀሚሷ ላይ ተበተነ።

«ያንን ጉድጓድ አትንኩት» አለች።

ለምን ብለው ቢጠይቋት አፏን ገጠመች። ሳቢና የራሷ ሐሳብ ካልሆነ የማይጥማት ሴት መሆኗን ስለምናውቅ ትንሽ ውስኪ ቀዳንላትና ነገሩን ተውነው። አጥፍተናል። ያን ጊዜ አጥብቆ የጠየቀ ሰው ቢኖር ባርብራ በሌላ መንገድ ትሰማው ነበር።

በደሴቲቱ ወንድና ሴት አብረው አይቀበሩም። የወንዶቹ በስተምዕራብ ነው፣ የሴቶቹ በስተምሥራቅ፤ መሃላቸው ተሳላሚው በባዶ እግሩ የሚዞርበት ሜዳ አለ። ቅዱሱ ያዘዘው ነው ይባላል። ሴት በስህተት ከወንዶቹ መሃል ብትቀበር ሌሊቱን ተነሥታ ወደ እህቶቿ ትሄዳለች፣ ወንድም እንዲሁ። ይህን የሚያምን አለ፣ የሚስቅም አለ። ከሚስቁት ውስጥ ግን እናቱን በስተምዕራብ የቀበረ አላየሁም።

መርከበኛው የተገኘው የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በመጋቢት ነው። ኮልማን ባሕር የተፋውን እንጨት ሊለቅም ለብቻው ወደ ደሴቲቱ ቀዝፎ ነበር። ማታ ሲመለስ ከድንጋዮቹ መሃል አንድ መርከበኛ አግኝቻለሁ፣ ፊቱን ባሕር በልቶታል አለ። የዚያን ጊዜው ቄስ ክርስቲያን መሆኑን በምን አወቅህ ቢሉት፣ አንገቱ ላይ መስቀል አለ አላቸው። በማግስቱ ቄሱና ስድስት ሰዎች ተሻገርን፤ ሳቢናም ጨርቋንና ሳህኗን ይዛ አብራን ነበረች። ስንደርስ ኮልማን ሬሳውን በአሮጌ ሸራ ጠቅልሎ ከእግር እስከ ራስ ሰፍቶታል። ሳቢና ስትጠጋ ከፊቷ ቆመ። ይሄ የሚታጠብ አይደለም አላት። ክፉ ነገር እንዳታይ ሊያድናት ነው ብለን በልባችን መረቅነው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ በነሐሴ የቅዱሱ ቀን፣ መቶ ሁለት መቶ ሰው አሻግሮ ሲያበቃ፣ ሕዝቡ እየጸለየ ሲዞር እሱ አንዲትም ዙር አይዞርም ነበር። መርከበኛው ራስጌ ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ያልለኮሰውን ፒፓ አፉ ላይ እንዳደረገ ይውላል። ሁለት ቄሶች በየተራቸው ስሙን ጠርተው ሰብከውበታል፤ ለማያውቁት እንግዳ እንዲህ ያለ ፍቅር ከማን አያችሁ እያሉ። ኮልማን በሁለቱም ጊዜ አንገቱን ደፋ። እኛ ትሕትና መሰለን።

ባርብራ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት በየካቲት እናቷ ዴሊያ ልጇንና ባሏን ጥላ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደች። የነገረን ኮልማን ራሱ ነው፤ ሳይነጋ በጋሪ ወስጄ ባቡር ላይ አሳፈርኋት አለ። ዴሊያ ከዚያ በፊት አራስ ልጇ ሞቶባት ከሰው ጋር መነጋገር ትታ ነበር። እንግዲህ አገሩ አስጠልቷት ይሆናል አልን። ከእኛ አገር ያልሄደ ማን አለ? ማንም አልተጠራጠረም።

ልጅቷ ደብዳቤ ስትጠብቅ አደገች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ አንድ እሑድ፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሄዶ ሳለ፣ የእናቷን ፎቶግራፍ ከነክፈፉ እሳት ውስጥ ጣለችው። ኮልማን በዚያው ሰዓት ገባ። መቆስቆሻም አላነሣም፤ እጁን እሳቱ ውስጥ ከትቶ አወጣው። ፎቶግራፉ አልዳነም፤ የኮልማን የቀኝ መዳፍ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ጠባሳ ነበረበት። አንድ ቃል አልተናገራትም። ያን ቀን ናቀችው። ጥላው ለሄደች ሴት እጁን የሚያቃጥል ወንድ ምን ዓይነት ወንድ ነው አለች በልቧ። ይህን በኋላ ራሷ ነግራኛለች፤ እየነገረችኝም የገዛ መዳፏን ታሽ ነበር።

ያም ሆኖ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ሥራ ገባች። እኛ ለደመወዙ መስሎን ነበር። ከረጢቱ በመጣ ቁጥር የእንግሊዝ ቴምብር ያለበትን ለይታ መጀመሪያ ታይ ነበር። ስንት ዓመት እንዲህ እንዳደረገች አልነገረችኝም። አንድ ቀን ብቻ ተወችው።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። የሩቅ ዘመድ ይገባል፣ ይንበረከካል፣ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል፣ ሻይ ይይዛል። ድንቹ ሁለተኛ ጊዜ ተቀቅሎ ሲወርድ ፌስተስና የጋነን ወንድማማቾች ከደሴቲቱ ተመልሰው ገቡ። ታላቁ ጋነን ማንንም ሳይሳለም ወደ ውስኪው ሄዶ ሦስት ብርጭቆ በላይ በላዩ ጠጣ። ፌስተስ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

ባርብራ ቆፈራችሁ ወይ አለችው። ቆፍረናል አለ። ታዲያ ምን ሆናችኋል?

«ሸራው አለ» አለ ፌስተስ። «ስፌቱም እንዳለ ነው፣ አንድ ክር አልተበጠሰም። ውስጡ ግን የለም። ጠፍጣፋ ሆኖ ተዘርግቷል። በቢላ ከፍተን አየን፤ ባርብራ፣ አንዲት የጣት አጥንት እንኳ የለም።»

አዲሱ ቄስ፣ ከከተማ ከመጡ ገና ዓመት ያልሞላቸው፣ ወጣት ናቸው፤ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር አሲድ አለበት፣ በሠላሳ ዓመት አጥንት ይበላል ብለው አስረዱን። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። አጥንት የሚበላ አፈር ክሩን ለምን እንደተወው ማንም አልጠየቃቸውም፤ ከቄስ ጋር በለቅሶ ቤት አይከራከሩም።

ባርብራ ወደ ምድጃው ዘወር ስትል ሳቢና አልነበረችም። ከቤቱ ጀርባ፣ ከማገዶው ክምር አጠገብ ቆማ አገኘቻት። ነፋሱ ሻርፗን ይጎትታል፤ አሮጊቷ ግን ወደ ባሕሩ አፍጣ ቀርታለች።

«እማማ ሳቢና፣ ምን እንደምታውቂ ንገሪኝ።»

«አትንኩት ብያችሁ ነበር።»

«ነካነው። ንገሪኝ።»

ሳቢና ያን የመጋቢት ቀን አነሣች። ኮልማን ከፊቷ ሲቆም ወደ ኋላ አላለችም፤ በጎኑ አልፋ እጇን ሸራው ላይ አሳርፋለች። ዕድሜዋን በሙሉ ሬሳ የዳሰሰ እጅ ነው።

«በሸራው በኩል የተጎነጎነ ፀጉር እጄ ገባ» አለች። «ይሄን የሚያህል ውፍረት። መርከበኛ ፀጉር አይጎነጎንም፣ ልጄ። ቀና ብዬ አባትሽን አየሁት። እሱም አየኝ። ከዚያ እጄን መለስሁ።»

ባርብራ ማገዶው ላይ ተደገፈች። ሳቢና የባርብራን እናት ስም አልጠራችም፤ መጥራት አላስፈለጋትም። በዚያን ዘመን ራሱን ባሕር የከተተ ሰው የተቀደሰ መሬት አይሰጠውም ነበር፤ ጥምቀት እንዳላየ ሕፃን ከአጥር ውጭ፣ ከገደሉ አፋፍ ይጣላል። ዴሊያ ጫማዋን ድንጋይ ላይ አውልቃ ባሕር ገባች። ኮልማን ጫማውን ቀብሮ ሚስቴ እንግሊዝ ሄደች አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ባሕሩ በቅዱሱ ደሴት ላይ አውጥቶ ሲያስቀምጥለት፣ ለቅዱሱም ለቄሱም ዋሸ። ከሴቶቹ ዘንድ ቢወስዳት ማናት ተብሎ ይጠየቃል፤ ስለ መርከበኛ ግን የሚጠይቅ የለም።

ባርብራ ድምፅዋ ሲወጣ ቀጭን ነበር። «ጥላኝ ሄደች ብዬ ሠላሳ ዓመት ረገምኋት። አንቺ እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ። ተናግሬ ቢሆን ከጉድጓዱ ያወጧታል፤ አንቺም የዚያች ልጅ እየተባልሽ ታድጊ ነበር። የሆድን በሆድ ይዤ ኖርሁ። ልክ ነበርሁ አልልሽም።»

ከዚያ ሌላውን ነገረቻት፤ እስከዚያች ሰዓት ለማንም ያልነገረችውን። የሴቶቹን መቃብር አረም የምትነቅለው እሷ ብቻ ናት፤ ወንድ አይገባበትምና። ከእናቷ ስለተረከበችው አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። አርባ ሦስት ነበሩ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ስትገባ፣ በስተግራ ከዙሪያው ካብ ሦስተኛዋ ላይ፣ ሰው የሚያህል መሬት ሣር ሳይኖርበት ተጋድሞ አገኘች። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልቆፈረም። አርባ አራት ሆኑ።

«አባቴ አዛውሯት ይሆናላ» አለች ባርብራ።

«አባትሽማ እዚያኛው ጉድጓድ ውስጥ መስላው አይደል ሲያለቅስ የኖረው።»

ይህን ስትል ሁለቱም ወደ ባሕሩ ዘወር አሉ። ደሴቲቱ ያን ቀን በጣም ቀርባ ትታይ ነበር፤ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት እንዲህ ትቀርባለች። ባርብራ እናቷን አሰበች፣ በዚያች ሌሊት፣ ያን ሜዳ ብቻዋን ስትሻገር። ፈራች። ከዚያ እናቷን በመፍራቷ አፈረች።

ልትገባ ስትል ሳቢና ክንዷን ያዘች።

«አንድ ነገር ስሚኝ። እንዳትነግሪው። ሬሳ አፈር እስኪለብስ ይሰማል። አጠገቤ ናት ብሎ ከተኛ ተኝቶ ይቀራል። የለችም ካልሽው ይነሣል። ሴቶቹ ዘንድ ደግሞ ቅዱሱ ወንድ አያስገባም፤ ሄዶ ከካቡ ሥር ይቀራል። እስከ ምጽአት ድረስ እንዲንከራተት ታደርጊዋለሽ።»

እኛ ዘንድ ሬሳ ዜና ይነገረዋል። ሰው እየመጣ ከራስጌው ይቀመጥና ማን እንደመጣ፣ ዓሣው እንደገባ፣ የማን ላም እንደወለደች ይነግረዋል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስንቱ ለኮልማን ስንት ነገር ነገረው። አንዱማ ሳቅ ብሎ፣ ፌስተስ ሞተሩን እንደገና አበላሸው፣ መቅዘፊያ ይሻላል ያልኸው እውነትህን ነው አለው። ባርብራ ከሁሉ በኋላ መጥታ ጎንበስ አለች። አፏን ጆሮው ላይ አደረገች። ቤቱ ሁሉ ለአባትና ለልጅ ስንብት ብሎ ዓይኑን መለሰ።

ምንም አልነገረችውም። ሳቢናን ሰምታ አልነበረም። በልቧ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ብለኸኛል፣ እኔም ዝም እልሃለሁ አለች። ፖስታ ቤቱን አሰበች፤ ያገላበጠችውን ቴምብር ሁሉ፣ ማታ ማታ ስትገባ ሻይ እያቀረበላት ዛሬም የለም እንዴ ብሎ ያልጠየቃትን። የለም እንደሚሆን ስላወቀ ነው ያልጠየቀው። ከደረቱ ላይ የተቆላለፉትን እጆቹን አየች። የቀኙ መዳፍ ወደ ታች ስለነበር ጠባሳው አይታይም። አንሥታ ልታየው ፈለገችና በእልህ ተወችው።

ለመሆኑ ጉድጓዱ ይቀየር ወይ ሲሏት፣ ያለውን አድርጉለት አለች። ታላቁ ጋነን ሬሳ ለቆት የሄደ ጉድጓድ ሬሳ አይዝም ብሎ አጉረመረመ። ፌስተስ ዝም በል አለው።

በሦስተኛው ቀን ሳጥኑ ሲነሣ ተሸክመውት የነበሩትን ወንበሮች እንደ ወጉ በእግራችን ገፍተን ጣልናቸው። በሦስት ጀልባ ሄድን። ፌስተስ ከመሃል ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ መቅዘፊያ አነሣ፤ ወደ ደሴቲቱ ሬሳ በሞተር አይሄድም። ባሕሩ ዘይት ያለበት ይመስል ተኝቷል። በዚያ ወራት ጆሮ የሚያደነቁሩት ወፎች አንዳቸውም አልጮኹም፣ ድንጋዩ ላይ የሚጋደሙት አቆስጣ የሚባሉት የባሕር እንስሳት ውሃው ውስጥ ሆነው አንገታቸውን ብቻ አውጥተው ያዩናል። ማንም ስለዚህ አልተናገረም። እንደ ፀሐይ አካሄድ ደሴቲቱን አንድ ጊዜ ዞረን ወረድን።

ጉድጓዱ እንደተከፈተ ነበር። ሸራው እታች ተዘርግቷል፤ ሊያነሣው የደፈረ ሰው አልነበረም። ሳጥኑን እላዩ ላይ አወረድነው። ቄሱ ፈጥነው ጸለዩ፣ ጠበሉን ረጩ፣ ፌስተስና ጋነኖቹም አካፋቸውን ያዙ። በእኛ ወግ የመጀመሪያውን አፈር የምትጥለው ልጅ ናት። ሁላችንም ባርብራን ጠበቅን።

ባርብራ ግን ራስጌው ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስትቀመጥ አባቷ ሲያይ የኖረውን አየች፤ ይህን ጉድጓድ፣ ከዚያ ገደሉን፣ ከዚያ ባዶ ባሕር። ወደ ኋላዋ ዞር አለች። ከሜዳው ማዶ የሴቶቹ መቃብር ካብ ግራጫ ሆኖ ይታያል። በየዓመቱ፣ እንደዚህ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ነበር። ሃምሳ እርምጃ አይሆንም። ዞር ቢል ኖሮ ያየው ነበር፤ ዞር የሚልበት ምክንያት ግን አልነበረውም፣ እሷ እታቹ ያለች መስሎታልና። እልኋ ሁሉ እንደ በረዶ ቀለጠ።

ከዚያ በጉልበቷ ተንበርክካ ወደ ጉድጓዱ አጎነበሰች። ሳቢና ገብቷት «ተይ ልጄ» አለች። ባርብራ አልተመለሰችም።

«አባዬ፣ እዚህ የለችም» አለች። እንደማንኛውም ጊዜ ነው የተናገረችው፣ ወደ ገበያ ሲሄድ መንገድ እንደምትነግረው። «ሸራውን ትታው ሄዳለች። ከዚህ ተነሣና ሜዳውን ተሻገር፣ የቅዱሱን ቤት በስተቀኝህ ተወው። በሴቶቹ በኩል ከካቡ ሥር፣ በስተግራ ሦስተኛዋ ናት። ሌሎቹን እንዳትረብሽ። እማዬ እዚያ ናት።»

እማዬ የሚለውን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቄሱ መጽሐፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ስለ መርከበኛው ያን ሰዓት ሁሉም ገባው። እዚያ ቆሞ ከነበረው ሰው አንድም የጠየቃት የለም፣ እስከ ዛሬም የጠየቃት የለም። ሳቢና በቁሟ ታማትብ ነበር።

ባርብራ አፈሩን በእፍኟ ዘግና ጣለች። ሳጥኑ ላይ ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ ከአንድ እፍኝ አፈር ድምፅ በላይ ነበር፤ ወይም ለእኛ እንዲያ መሰለን። ወንዶቹ ከወትሮው በጣም ፈጥነው ሞሉት። ታላቁ ጋነን የመጨረሻውን አካፋ ሳይጠቀጥቅ ወደ ጀልባው ሄደ፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ተከተለው።

ባርብራ ግን ሜዳውን ተሻግራ ሄደች። የሴቶቹ መቃብር ካብ እስከ ደረት ይደርሳል፤ እንደ ሀገሩ ካብ ሁሉ ድንጋዩ ያለ ጭቃ የተደረደረ ነው፣ በርም የለውም፤ ሴቶች ወጣ ወጣ ያለውን ድንጋይ ረግጠው ይሻገሩታል። ከካቡ ፊት ቆመች። ወደ ውስጥ አየች፣ በስተግራ ሦስተኛዋን። እዚያ አሁን ሣር አለ፣ አጠር ያለ ሣር። ብዙ ቆየች። ከዚያ ሁለት እጇን አንሥታ ከላይኛው ረድፍ አንድ ድንጋይ አወረደችና ሣሩ ላይ አስቀመጠች። ቀጥላም ሌላ አወረደች።

ፌስተስ ሊጠራት ተልኮ ሲመጣ ላብ በላብ ሆና ደረሰባት። ጣቷ ደምቷል። ካቡ እስከ መሬት ወርዶ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ያህል ተከፍቷል። ውሃው እየሸሸ ነው፣ አሁን ካልወጣን ጀልባዎቹ ድንጋይ ላይ ይቀራሉ አላት። መጣሁ አለች።

ፌስተስ ገበሬም ነው። እኛ አገር ላም ማሳለፍ ሲያስፈልግ ካቡ ይፈርሳል፣ ካለፈች በኋላም መልሰህ ትደረድረዋለህ፤ ክፍት ትቶ የሚሄድ ሰው ከልጅነታችን ጀምሮ ሲረገም እንሰማለን። ስለዚህ ምንም ሳያስብ ጎንበስ ብሎ ከታች የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሣና ቦታው ላይ ሊመልሰው ሄደ።

ባርብራ የደማ እጇን በእሱ እጅ ላይ አደረገች።

«ተወው» አለችው። «ጉልበቱን ያመዋል፤ መዝለል አይችልም።»

ፌስተስ ድንጋዩን እንደያዘ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ መልሶ ሣሩ ላይ አስቀመጠው።